ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ ስንመርጥ፦ ከብሮሹሩ ጀርባ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ 12ኛ ክፍል ሲገባ አሜሪካ ባሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች ተመሳሳይ ጭንቀት ይነሳል። ልጁ ምን ማጥናት እንደሚፈልግ ገና አልለየለትም። ወላጅ ደግሞ ትልቁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስፈራዋል። 30 ሺህ ተማሪ መሃል ልጄ ይጠፋብኛል፣ ከእምነቱም ይወጣል ብሎ ይሰጋል። በዚህ መሃል ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ በኋላ አንድ ሰው "የእነ እገሌ ልጅ እኮ የክርስቲያን ኮሌጅ ገባች። ትንሽ ነው፣ የሌለው ትምህርት የለም" ይላል። የወላጅ ልብ ወዲያው ያርፋል።

ምርጫው መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ልጆች በጣም ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ኮሌጆች እርስ በርስ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱ ጋ ተማሪ ገና ሲገባ የሥነ ምግባር ቃል ኪዳን ይፈርማል፤ ሌላው ጋ የክፍል ጓደኞቹ ግማሾቹ ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ 150 ዓመት ጸንቶ ቆሟል፤ ሌላው የዛሬ ዓመት በሩ ክፍት ስለመሆኑ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ ልብ ከማረፉ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ።

ከትምህርቱ ስፋት ልጀምር። ወላጆች ስለ እምነቱና ስለ ክፍያው ይጠይቃሉ፤ ይሄኛውን ግን ብዙዎቻችን በብሮሹሩ አምነን እናልፈዋለን።

አሜሪካ ውስጥ የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በግምት አንድ ሦስተኛው ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ ትምህርት ነው፦ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብ፣ በክርስቲያን ኮሌጅ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስና ሥነ መለኮት ይጨመርበታል። ሌላው ሲሶ ሜጀር የሚባለው ዋናው የጥናት መስክ ነው። የቀረውን ተማሪው እንደ ፍላጎቱ ይመርጣል። ሜጀር እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ባይመረጥም በአብዛኛው ችግር የለውም።

አገር ቤት ለተማረ ወላጅ ይሄ ግራ ያጋባል። እኛ ገና ሃይስኩል እያለን ናቹራልና ሶሻል ተብለን ተከፍለን፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ዲፓርትመንት ተመድቦልን ነው የተማርነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማን ኮርሶች ቢመለሱም ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አሁንም ጠባብ ነው። ስለዚህ ልጅ "ገና አልወሰንኩም" ሲል ስንፍና ይመስለናል። በእነዚህ ኮሌጆች ግን ሳይወስኑ መግባት የተለመደ ነው። ሥርዓቱ ራሱ የተሠራው ለዚያ ነው።

ጊዜ የማይሰጡ መስኮች ግን አሉ። ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግና ሙዚቃ ዋናዎቹ ናቸው። የነዚህ ኮርሶች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ የሚሄዱ ናቸው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ወይም ካልኩለስ ያልጀመረ ልጅ በሁለተኛው ዓመት "ነርስ ወይም ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ" ቢል አንድ ተጨማሪ ዓመት ሊከፍል ነው። የኔ ምክር ቀላል ነው፦ ልጁ ወደነዚህ ትንሽም ቢሆን ልቡ ካዘነበለ ከመጀመሪያው ቀን ኮርሶቹን ይጀምር። ጀምሮ መተው አይከብድም፤ ዘግይቶ መግባት ነው የሚከብደው።

አሁን ወደ ብሮሹሩ እንመለስ። "ከ60 በላይ የትምህርት ዘርፍ" ይላል። 1,200 ተማሪ ያለው ኮሌጅ 60 ዘርፍ ሲኖረው በአማካይ በአንድ ዘርፍ 20 ተማሪ ይኖራል፤ ለአራቱ ዓመታት ሲካፈል በየዓመቱ 5 ነው። አንዳንዱ ዘርፍ ላይ አንድ ተማሪ ብቻ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ አንዳንዱ ላይ ማንም ላይኖር ይችላል። ይህን ለማወቅ ኮሌጁን መለመን አያስፈልግም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ናቪጌተር የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስም አስገብታችሁ ስለ ትምህርት ዘርፎች የሚለውን ክፍል ብትከፍቱ፣ በእያንዳንዱ ዘርፍ በዓመቱ ስንት ሰው እንደተመረቀ ቁጥሩ ተጽፏል። ልጁ የሚያስበው ዘርፍ አጠገብ ዜሮ ወይም 1 ካያችሁ ቆም በሉ።

ቀጥሎ የኮሌጁን ካታሎግና የዚህን ሴሚስተር የክላስ ስኬጁል ጎን ለጎን ክፈቱ። ካታሎግ ኮሌጁ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ ይዘረዝራል። ስኬጁል ደግሞ አሁን በትክክል የሚሰጠውን ያሳያል። አንድ ልጅ ፊዚክስ ይወዳል እንበል። ካታሎጉ ላይ 14 የፊዚክስ ኮርስ አለ። ስኬጁሉ ላይ 4 ታገኛላችሁ። ከአራቱ ሁለቱ ለባዮሎጂ ተማሪዎች የሚሰጡ የመግቢያ ኮርሶች ናቸው። ከፍ ያለው ኮርስ አጠገብ "በየሁለት ዓመቱ ይሰጣል" የሚል ማስታወሻ አለ። ያ ልጅ በሦስተኛ ዓመቱ ውጭ አገር ሄዶ አንድ ሴሚስተር ቢማር ወይም ቢታመም፣ ኮርሱ አልፎት እስከ ምረቃው ላይመለስ ይችላል። የኮርሶቹ አስተማሪዎች ስምም ስኬጁሉ ላይ አለ። አራቱንም የሚያስተምረው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ዲፓርትመንት ያ ሰው ነው። እሱ ጡረታ ቢወጣ ወይም ቢለቅ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ነውር የለውም።

ይሄን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የትንሽ ኮሌጅ ትልቁ ጸጋ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ብዙ ትልልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ቢዝነስ መግባት ውድድር ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሆኖም ጂፒኤ ካልሞላ በሩ ይዘጋል። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ግን ሜጀር መቀየር ብዙውን ጊዜ አንድ ፎርምና የአማካሪ ፊርማ ነው። ባዮሎጂ የጀመረች ልጅ ወደ ሶሻል ወርክ ዞራ፣ በኳየር እየዘመረች፣ ስፓኒሽ ጨምራ በአራት ዓመት ልትመረቅ ትችላለች። የስፋቱ መለኪያ ለኔ ይሄ ነው፦ ልጁ ሐሳቡን ሁለት ጊዜ ቢቀይር በአራት ዓመት ይጨርሳል ወይ? ኮሌጁን ስትጎበኙ ይህን ጥያቄ በዚሁ መልክ ጠይቁ። ጥሩ አማካሪ ወረቀት አውጥቶ ከዚህ ወደዚያ ሲቀየር ምን ምን ክሬዲት እንደሚባክን ያሳያችኋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ኢንጂነሪንግ የሌላቸው ትንንሽ ኮሌጆች "ሦስት ሲደመር ሁለት" የሚባል ፕሮግራም ያቀርባሉ። ሦስት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት በትልቅ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ተምሮ ሁለት ዲግሪ መያዝ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ልጁ ጓደኞቹንና የለመደውን ቦታ በአራተኛ ዓመት ጥሎ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ኮሌጅ ስኮላርሺፕም አብሮት አይሄድም። ኢንጂነሪንግ በእርግጥ የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ፣ ዲግሪውን ራሳቸው የሚሰጡና ፕሮግራማቸው የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን በሚመዝነው አቤት (ABET) በሚባለው ተቋም የተመሰከረላቸው አሉ። ሚሺጋን ያለው ካልቪንና ፔንሲልቬኒያ ያለው መሳያ ከነዚህ መካከል ናቸው።

ወደ እምነቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት።

ኢሊኖይ ውስጥ በ1860 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተው ዊተን ኮሌጅ በወንጌላውያን ዘንድ ስሙ ከፍ ያለ ነው። ተማሪው የማኅበረሰብ ቃል ኪዳን የሚባል ሰነድ ይቀበላል፤ አልኮልና ሲጋራ ክልክል ናቸው፤ ቻፕል፣ ማለትም በካምፓሱ የሚደረገው የጋራ አምልኮ ላይ፣ መገኘት ግዴታ ነው። ጭፈራ እንኳን በካምፓሱ የተፈቀደው በ2003 ነው። አስተማሪዎችና ሠራተኞች ደግሞ የእምነት መግለጫውን ይፈርማሉ። ይህ ፊርማ ለይምሰል የሚደረግ አይደለም። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አንድ የፍልስፍና መምህር ካቶሊክ ሲሆን በሥራው መቀጠል አልቻለም። ይህ ጥብቅነት ለአንዳንድ ቤተሰብ የሚፈልገው ነገር ነው። ለሌላው ደግሞ የሚያስጨንቅ ነው። ቀድሞ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ።

ሚሺጋን ውስጥ ያሉት ካልቪንና ሆፕ መሃል ላይ ናቸው። ሁለቱም ተሐድሶ (Reformed) ከሚባለው የፕሮቴስታንት ወግ የመጡ ናቸው። ካልቪን አስተማሪዎቹን በእምነት መግለጫ ያስራል፤ ተማሪውን ግን አያስርም። በሁለቱም ቻፕል አለ፣ መሄድ ግን በፈቃድ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ እምነቱን የያዘ ልጅ ራሱ ወስኖ ነው የያዘው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ወላጅ አለ፤ እኔ ግን እንደ ጥቅም አየዋለሁ።

ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ የሉተራን ኮሌጆች በዛ ይላሉ። ሚኒያፖሊስ ያለው ኦግስበርግ ብዙ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ውስጥ ነው። ሙስሊም ተማሪዎችም ብዙ ናቸው። ተማሪ ሃይማኖቱ ተጠይቆ አይገባም። የመካነ ኢየሱስ ቤተሰብ "ሉተራን ነው፣ የኛው ነው" ብሎ ሲልክ ይህን አውቆ ይላክ። ኦግስበርግ የሚያያዝባት የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ላይ ባላቸው ትምህርት ምክንያት መንገዳቸው ከተለያየ ዓመታት አልፈዋል።

ለመሠረተ ክርስቶስ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ቨርጂኒያ ሃሪሰንበርግ ያለው ኢስተርን ሜኖናይት ዩኒቨርሲቲና ኢንዲያና ያለው ጎሸን ኮሌጅ መሠረተ ክርስቶስም የምትመደብበት የሜኖናይት ወግ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሰላም ግንባታን፣ አገልግሎትንና ቀላል ኑሮን በእውነት የሚያስተምሩ ናቸው። በ2015 ሁለቱም በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ውስጥ ያሉ ሠራተኞችን ለመቅጠር ወሰኑ፤ በዚያው ዓመት ከክርስቲያን ኮሌጆች ኅብረት ወጡ። ወላጅ በዚህ ላይ የራሱን አቋም ይይዛል። እኔ የምለው የቤተ ክርስቲያኑን ስም ብቻ አይቶ መወሰን አይበቃም ነው።

ኦርቶዶክስ ለሆነ ልጅ የሚነሱት ጥያቄዎች ደግሞ ለየት ይላሉ። የግዴታ ቻፕል ባለበት ኮሌጅ በጊታርና በከበሮ የሚመራ አምልኮ ላይ በሳምንት ስንት ቀን ይቀመጣል? የእምነት መግለጫ ለተማሪም አለ ወይ? ካለ ስለ ምሥጢራትና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ካደገበት ትምህርት ጋር ይጋጫል ወይ? መግለጫው ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ከከበዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ አሳዩ። የፈረመ ሰው የፈረመውን ሊያከብር ይገባልና።

ጾሙም አለ። ዶርም የሚኖር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የካፍቴሪያ ምግብ እንዲከፍል ይገደዳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሰላጣና የድንች ጥብስ ላይ እንዳይወድቅ፣ ቬጋን ምግብ በየቀኑ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዶርሙ ውስጥ ሽሮ የሚሠራበት ኩሽና መኖሩንም እዩ። ገና ብዙ ጊዜ በክረምት ዕረፍት ላይ ስለሚውል ችግር የለውም። የኛ ፋሲካ ግን በአንዳንድ ዓመት የመጨረሻ ፈተና ሳምንት ላይ ይወድቃል። በ2024 ሜይ 5 ነበር፤ በ2027 ሜይ 2 ነው። ትንሽ ኮሌጅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፕሮፌሰሩ ልጁን በስሙ ስለሚያውቀው፣ ስቅለት ዕለት ፈተና እንዲቀየርለት ከወር በፊት ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል።

ለአድቬንቲስት ቤተሰቦች ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ያለው ዋሽንግተን አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው። ሰንበት የሚከበርበት ካምፓስ ስለሆነ ቅዳሜ ፈተና የሚባል ጭንቀት የለም።

ሦስተኛው ነገር ትንሽነቱ ነው። ጥቅሙን ሁሉም ያውቃል። ክፍሉ ውስጥ 15 ተማሪ ሲሆን መደበቂያ የለም፤ ለሜዲካል ትምህርት ቤት ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ፕሮፌሰር ልጁን በእውነት ያውቀዋል። ላብራቶሪ ውስጥም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወረፋ ስለማይዙበት ከፕሮፌሰሩ ጋር ምርምር ይሠራል።

አደጋው ደግሞ ኮሌጁ ራሱ መዘጋቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚገባው ወጣት ቁጥር እየቀነሰ ነው፤ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ደግሞ የሚኖሩት ተማሪ በሚከፍለው ገንዘብ ነው። በ2023 ብቻ በ1842 የተመሠረተው አዮዋ ዌስሊያን ተዘጋ፤ ኒውዮርክ ውስጥ ቀድሞ ናያክ ኮሌጅ ይባል የነበረው አላያንስ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ፤ እዚያው ከተማ የነበረው ኪንግስ ኮሌጅም በዚያው ዓመት ክፍል ማስተማር አቆመ። በ2024 ማሳቹሴትስ የነበረው ኢስተርን ናዝሪን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እነዚህ ሁሉ የክርስቲያን ኮሌጆች ነበሩ። ኮሌጅ ሲዘጋ ተማሪ ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ክሬዲቱ ግን ሁሉም አይቆጠርለትም። በተማሪ ቪዛ ላለ ልጅ ደግሞ የከፋ ነው፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት ካላገኘ በሕጋዊነት የመቆየት ፈቃዱ ይቋረጣል።

የኮሌጁን ጤንነት ለማየት ቁጥሮቹ ክፍት ናቸው። የተማሪው ብዛት ባለፉት አምስት ዓመታት እያደገ ነው ወይስ እየወረደ? በየዓመቱ ከወረደ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ሚኒስቴሩ ለግል ኮሌጆች ከ-1 እስከ 3 የሚደርስ የፋይናንስ ነጥብ ይሰጣል፤ 1.5 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው። በቅርብ ጊዜ ስንት ዲፓርትመንት እንደተዘጋና ስንት አስተማሪ እንደተቀነሰም በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ታገኛላችሁ።

ከዚህ ጋር የአክሬዲቴሽን ጉዳይ አለ። ኮሌጁ እንደ ሚድል ስቴትስ፣ ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን ወይም ሳክስኮክ ባሉ ተቋማት እውቅና ካለው ክሬዲቱ በየቦታው ይታወቃል። ትራክስ የሚባል ለክርስቲያን ተቋማት እውቅና የሚሰጥ ድርጅትም አለ። በመንግሥት የታወቀ ነው፤ ግን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በትራክስ ብቻ እውቅና ካለው ኮሌጅ የመጣ ክሬዲት ለመቀበል ያንገራግራሉ። ማስተርስ ወይም ሜዲካል ትምህርት ቤት የሚያስብ ልጅ ይህን ማወቅ አለበት። ነርሲንግ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ሌላ እውቅና ይፈልጋል። ተመራቂዎቹ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ስንት በመቶ እንዳለፉ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች በየዓመቱ ያወጣሉ። ያችን ቁጥር ሳያዩ ነርሲንግ መመዝገብ ልክ አይደለም።

አሁን ገንዘቡ። የግል ኮሌጅ ዋጋ ሲታይ ያስደነግጣል፤ 50 ሺህ ዶላር በዓመት የተለመደ ነው። ነገር ግን የተለጠፈውን ዋጋ የሚከፍል ተማሪ ጥቂት ነው። ለትርፍ ባልቆሙ የግል ኮሌጆች አዲስ ገቢ ተማሪ በአማካይ ከቱሽኑ (ከትምህርት ክፍያው) ከግማሽ በላይ ቅናሽ ያገኛል። ስለዚህ ዋጋውን አይቶ መሸሽም፣ ቅናሹን አይቶ መደሰትም ጥሩ አይደለም። ዋናው ነገር ከኪስ የሚወጣው ነው። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ይህን የሚገምት ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር እንዲኖረው በሕግ ግዴታ ነው። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሞክሩት።

ዜጋ የሆነ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ፋፍሳ (FAFSA) የሚባለውን የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ መሙላት አለበት። ዲቪ ደርሷቸው በቅርብ የመጡ ቤተሰቦች "እኛን አይመለከተንም" ብለው የሚተዉት ነገር ነው፤ ይመለከታቸዋል። ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ነዋሪዎች ደግሞ ቪታግ የሚባል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅ ለሚማር ልጅ ገቢ ሳይታይ የሚሰጥ የስቴት ድጋፍ አላቸው። በራሱ ፎርም ነው የሚጠየቀው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ያልፈዋል።

የኮሌጁ የእርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ ላሳያችሁ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 52,000 ዶላር ነው እንበል። ደብዳቤው የኮሌጁን ስኮላርሺፕ 22,000፣ ፔል 7,395፣ የፌዴራል ብድር 5,500፣ ዎርክ ስተዲ 2,500 ብሎ ይደረድርና ከታች "የሚቀራችሁ 14,605" ይላል። ወላጅ ያችን የመጨረሻ ቁጥር ያያል። እርሳስ አንሱና ሁለቱን ሰርዙ። ብድሩ ልጁ የሚመልሰው ነው። ዎርክ ስተዲውም ልጁ ካፍቴሪያ ወይም ቤተ መጻሕፍት ሠርቶ በሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ ሴሚስተሩ ሲጀመር እጃችሁ ላይ የለም። እውነተኛው ቀሪ 22,605 ነው። የተማሪው የፌዴራል ብድር በአራት ዓመት እስከ 27,000 ይደርሳል። ስኮላርሺፑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ያው 22,000 ሆኖ ይቆያል፤ ቱሽኑ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ጂፒኤ ከተወሰነ ነጥብ ከወረደም ስኮላርሺፑ ሊቀር ይችላል። ነጥቡ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሁለት ዓመት እንደ ቨርጂኒያው ኖቫ ወይም እንደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ከዚያ ወደ ክርስቲያን ኮሌጅ መዛወር ብዙ ሐበሻ የሚመርጠው መንገድ ነው። ጥሩ መንገድ ነው። ግን የክርስቲያን ኮሌጁ የመጽሐፍ ቅዱስና የሥነ መለኮት ኮርሶች ከኮሚኒቲ ኮሌጅ አይመጡም። ስንት ክሬዲት እንደሚያልፍና ስንት እንደሚቀር መጀመሪያ አስጽፉ።

ክፍያውን ስናነሳ ኬንታኪ ያለውን በሪያ ኮሌጅ መጥቀስ ግድ ይላል። በ1855 ባርነትን በሚቃወም ሰባኪ፣ በጆን ፊ፣ ተመሠረተ። ጥቁርና ነጭ አንድ ክፍል ውስጥ ያስተምር ነበር። የኬንታኪ ምክር ቤት በ1904 ይህን በሕግ ከለከለ፤ ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ በ1908 ተሸነፈ። የጥቁሮች ታሪክ አባት የሚባለው ካርተር ዉድሰን ከእገዳው በፊት እዚያ ተምሯል። ዛሬም በሪያ ቱሽን አያስከፍልም። ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ክርስቲያናዊ ነው፣ ግን ማንንም አያስፈርምም፤ ስለ ክርስትና የሚያስተምር አንድ ኮርስ ሁሉም ይወስዳል። የሚቀበለው በአብዛኛው ገቢያቸው ዝቅ ካለ ቤተሰብ የመጡ የአፓላቺያ አካባቢ ልጆችን ነው። ከውጭ አገር የሚገቡት ጥቂት ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ወጪያቸው ሲሸፈን ቆይቷል። ውድድሩ ግን ከባድ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ሆናችሁ ለምታመለክቱ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋፍሳና ፔል ለተማሪ ቪዛ አይሠሩም። ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-ትዌንቲ (I-20) የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠው የአንድ ዓመት ወጪ መሸፈን እንደምትችሉ ካሳያችሁ በኋላ ነው። "50 በመቶ ስኮላርሺፕ" ሲባል የቀረውን 50 በመቶ በዶላር ማሰብ ያስፈልጋል። ካምፓስ ውስጥ በትምህርት ጊዜ የሚፈቀደው ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ የኪስ ገንዘብ እንጂ ቱሽን አይከፍልም። ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ራቁት። የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል በነፃ ይመልሳል።

ካምፓሱን መጎብኘት ከቻላችሁ ኮሌጁ ያዘጋጀውን ትልቅ የጉብኝት ቀን ሳይሆን ተራ ማክሰኞን ምረጡ። ልጁ ዶርም አንድ ሌሊት ይደር፤ ብዙ ኮሌጆች ይፈቅዳሉ። አንድ ክላስ ይግባ፣ ካፍቴሪያ ይብላ፣ ቻፕል ካለ ይቀመጥ። አስጎብኚዋ ተማሪ የምትለው የተጠና ነው። ካፍቴሪያ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ጥቁር ወይም የውጭ አገር ተማሪ ካለች ልጃችሁ "እዚህ እንዴት ነው?" ብላ ትጠይቃት። ብዙዎቹ እነዚህ ኮሌጆች በነጮች የተሞሉ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ናቸው። እንጀራ የሚሸጥበት ቦታ፣ ፀጉር የሚሠራ ሰው፣ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ስንት ማይል ርቆ እንደሚገኝ ማወቅ ቅንጦት አይደለም። መኪና የሌለው ልጅ እሑድ እንዴት ይሄዳል የሚለውም እዚሁ ውስጥ ነው።

አብዛኞቹ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት የእርዳታው ገንዘብ ካልበቃችሁ እንደገና እንዲታይላችሁ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ ይይዘንና ዝም እንላለን፤ ቢሮው ግን ጥያቄውን የለመደው ነው። አጭር ደብዳቤ ይበቃል። ሥራ ከጠፋ፣ ከታመማችሁ፣ አገር ቤት ቤተሰብ የምትረዱ ከሆነ በቁጥር ጻፉ፤ ማስረጃ አያይዙ። ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የበለጠ ሰጥቶ ከሆነ ያንን ደብዳቤ አብራችሁ ላኩ። ቦታ ለመያዝ የሚከፈለውን ዲፖዚት ከከፈላችሁ በኋላ ግን የመደራደር ጉልበታችሁ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኤፕሪል ሳይጋመስ ይድረሳቸው።